በሰው ስም የሚጠሩ ታሪካዊ ቤቶች፦ ስሙ የማን፣ ንብረትነቱ የማን፣ ኃላፊነቱስ የማን ነው?

በአገራችን ከተሞችና ገጠሮች በርካታ ነባር ቤቶች በመጀመሪያ ባለቤቶቻቸው ስም ይጠራሉ። «የደጃዝማች እገሌ ቤት»፣ «የፊታውራሪ እገሌ ግቢ»፣ «የሐጂ እገሌ ቤት» መባላቸው የተለመደ ነው። ቤቱን የሠሩት ሰው ካለፉ፣ ልጆቻቸውም ከተበተኑ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ስሙ ከቤቱ ላይ አይለቅም። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በገራዶና በአጠቃላይ በደቡብ ወሎ የሚኖሩ ተገልጋዮች እንዲህ ካሉ ቤቶች ጋር በየዕለቱ ይገናኛሉ። አንዳንዱ ተከራይቶ ይኖርባቸዋል፣ አንዳንዱ የአያቱ ቤት መሆኑን ሰምቶ አድጓል፣ አንዳንዱ ደግሞ አጠገባቸው ግንባታ ለማካሄድ ፈቃድ ይጠይቃል።

እነዚህን ቤቶች በሚመለከት የሚነሱ አቤቱታዎችና ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳሰቡት ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች እንደ አንድ ስለሚታዩ ነው። እነዚህም ቤቱ በማን ስም ይጠራል? ንብረትነቱ የማን ነው? የመጠበቅ ኃላፊነቱስ የማን ነው? የሚሉት ናቸው። ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ አንድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱን ያብራራል፣ ተገልጋዮች በየደረጃው ምን ማድረግ እንደሚገባቸውም ያመለክታል።

የቤት ስም ስለ ምን ይመሰክራል?

በአገራችን የስም አወጣጥ ሥርዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሸጋገር የቤተሰብ ስም የለም። አንድ ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በሌሎች በርካታ አገሮች ቤትና ቤተሰብ በአንድ ስም ሲጠሩ ስለሚኖሩ የልጅ ልጅ ልጅም በስሙ ብቻ ከቤቱ ጋር ያለው ዝምድና ይታወቃል። በእኛ አገር ግን ቤቱን የሠሩት ሰው ስም በአራተኛው ትውልድ መታወቂያ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ቤቱ ስሙን እንደያዘ ይቆያል፣ የቤተሰቡ የጽሑፍ ማስረጃ ግን ይቋረጣል። ሁለቱን የሚያገናኘው የሽማግሌዎች ቃል፣ የኑዛዜ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ ወይም አሮጌ ፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል። እነዚህ ሲጠፉ ስሙ ይቀራል፣ ማን እንደነበሩ የሚያስረዳ ግን ይታጣል።

በወሎ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአካባቢው ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተዛምደው መኖራቸው የታወቀ ነው። አንድ ሰውም በሕይወት ዘመኑ በሁለት ስም ሊታወቅ ይችላል። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆኑት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። በልደት ስማቸው መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ክርስትና ከተነሡ በኋላ ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ በልጃቸው በልጅ ኢያሱ ዘመን በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ሆነው ነገሡ። በመሆኑም አንድን ቤት በሚመለከት መረጃ የሚሰበስብ ሰው ባለቤቱ የታወቁባቸውን ስሞች ሁሉ ሊመዘግብ ይገባል። አንዱን ስም ብቻ መያዝ የታሪኩን ግማሽ መተው ነው።

ማዕረግም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው። በንጉሥ ሚካኤል ምሳሌ «ራስ ሚካኤል» የሚል የዘመኑ ሰነድ ከ1906 ዓ.ም. ንግሥ በፊት፣ «ንጉሥ ሚካኤል» የሚል ደግሞ ከዚያ በኋላ እንደተጻፈ መገመት ይቻላል። ይሁን እንጂ በሕዝብ አፍ የቆየ ስም ሁልጊዜ የቤቱን ዘመን አያመለክትም። በሐረር ጀጎል «የራስ ተፈሪ ቤት» በመባል የሚታወቀውና ዛሬ የግል ስብስብ የያዘ ሙዚየም የሆነው ቤት ለዚህ ማሳያ ነው። ተፈሪ መኮንን ሐረርጌን ያስተዳድሩ የነበረው በደጃዝማችነት ማዕረግ ሲሆን ራስ የተባሉት በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ነው። ስሙ የተወሰደው ሕዝቡ ካስታወሳቸው ማዕረግ እንጂ በቦታው ከነበሩበት ዘመን ማዕረግ አይደለም።

ከዚሁ ከተማ ሌላ ምሳሌ ማንሳት ይቻላል። በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ቤት በሺህ የሚቆጠሩ ጎብኚዎችን የሚስብ ነው። ራምቦ በሐረር የኖረና የነገደ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ሕይወቱ ያለፈው በ1884 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ከዚያ በኋላ በአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ስለዚህ የቤት ስም የመረጃ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

የደሴ ቤቶች ምን ያስተምሩናል?

በደሴ ከተማ ሦስቱን ጥያቄዎች ለይቶ ለማየት የሚረዱ ቤቶች አሉ።

የመጀመሪያው የደሴ ሙዚየም የሚገኝበት ሕንፃ ነው። ይህ ቤት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ሲሆን ዛሬም ስማቸው ከቤቱ ጋር ይነሣል። ንብረትነቱ ግን የሕዝብ ነው፣ አገልግሎቱም የወሎን ታሪክና ባህል የሚያሳዩ ቅርሶችን ጠብቆ ለሕዝብ ማሳየት ነው። ስምና ንብረትነት ተለያይተውም ቤቱ ክብሩን ጠብቆ ሊቆይ እንደሚችል ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በነበረው ጦርነት ሙዚየሙ ለዝርፊያና ለጉዳት ተዳርጓል። ከዚህ የምንማረው ቅርስ በግድግዳና በበር ብቻ እንደማይጠበቅ ነው። በፎቶግራፍና በጽሑፍ የተመዘገበ ቅርስ ቢሰረቅ ይፈለጋል፣ ሲገኝም ይለያል፤ ያልተመዘገበው ግን ቢገኝ እንኳ የማን እንደነበረ ማስረዳት ያዳግታል።

ሁለተኛው ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ነው። ይህ አዳራሽ የሚጠራው በሰው ስም ሳይሆን በአገልግሎቱ ነው። ታላላቅ ግብሮች ይደረጉበት ስለነበር «ማንንም የማይጠየፍ» የሚል መልእክት ያለው ስም ተሰጥቶታል። የሠሪው ስም በቤቱ መጠሪያ ውስጥ ባይኖርም የአካባቢው ሕዝብ አዳራሹን ከንጉሡ ለይቶ አያየውም። ስለሆነም አንድ ቤት በሰው ስም አለመጠራቱ ከቤተሰብ ታሪክ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ምሳሌ ከቤት ይልቅ ተቋምን ይመለከታል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅና የእቴጌ መነን እናት የነበሩት የወይዘሮ ስሂን ስም በደሴ የሚታወሰው በትምህርት ተቋም ነው። በርካታ የወሎ ልጆች ስማቸውን የሚያውቁት «ወይዘሮ ስሂን» ተምረው ነው። ይህ ምሳሌ ሴቶች የቤት ባለቤትና የቤተሰብ ምሰሶ ሆነው ሳለ ስማቸው በቤት መጠሪያ ላይ ብዙም እንደማይገኝ ያስታውሰናል። የቤት ታሪክ ሲጠናቀር የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የባለቤቲቱም ስም መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህ አሠራር በደሴ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የሚገኘው የራስ ብሩ ቤት ከተማዋ የተመሠረተችበት 100ኛ ዓመት በተከበረበት በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። በጅማ የሚገኘው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም በንጉሡ ስም እየተጠራ የሕዝብ መጎብኛ ሆኖ ያገለግላል።

ስሙ የአያቴ ከሆነ ቤቱ የእኔ ነው?

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ የሚቀርብ ነው። አጭሩ መልስ ስም ብቻውን የንብረት ማረጋገጫ አይሆንም የሚል ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት ንብረት አድርጓል፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ወስኖ ትርፍ የተባሉትን ቤቶችም ወርሷል። ዝቅተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በቀበሌዎች፣ ከፍ ያለ ኪራይ የሚከፈልባቸው ደግሞ በመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት እንዲተዳደሩ ተደረገ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩ ሰፋፊ ነባር ቤቶች በክፍል በክፍል ተከፋፍለው በርካታ ተከራዮች የሚኖሩባቸው የሆኑት በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው።

በመሆኑም ዛሬ አንድን በሰው ስም የሚጠራ ቤት ስንመለከት ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ልናገኘው እንችላለን፦ በወራሾች እጅ የቆየ የግል ቤት፣ በሽያጭ ወደ ሌላ ሰው የተላለፈ ቤት፣ በቀበሌ ወይም በሌላ የመንግሥት አካል የሚተዳደር ኪራይ ቤት፣ ወይም ለሙዚየም፣ ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት የዋለ የሕዝብ ንብረት ነው። የንብረትነት ጥያቄ ያለው ተገልጋይ በመጀመሪያ ቤቱ ከአራቱ በየትኛው እንደሚመደብ በከተማው የመሬትና የይዞታ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይኖርበታል። የቤተሰቡን ታሪክ ለማስመዝገብ ግን ባለንብረት መሆን አያስፈልግም። ማንኛውም የቤተሰብ አባል፣ ተከራይ ወይም ጎረቤት የሚያውቀውን ማቅረብ ይችላል።

ቤቴ በቅርስነት ቢመዘገብ መንግሥት ይወስድብኛል?

ብዙ የቤት ባለቤቶች ስለ ቤታቸው ታሪክ መረጃ ከመስጠት የሚቆጠቡት በዚህ ሥጋት ነው። ሥጋቱ ካለፈው ተሞክሮ የመነጨ በመሆኑ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ሆኖም ምዝገባና ውርስ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። አንድ ቤት በመመዝገቡ ብቻ ባለቤቱን አይለውጥም።

ምዝገባው የሚያስከትለው ለውጥ በኃላፊነት ረገድ ነው። በአዋጁ መሠረት ቅርስ በይዞታው ያለ ሰው በራሱ ወጪ ተገቢውን እንክብካቤና ጥበቃ ያደርጋል፤ የጥገናና የእድሳት ሥራ ከማካሄዱ በፊት ከሚመለከተው የቅርስ አካል ፈቃድ ያገኛል፤ ቅርሱን ወደ ሌላ ሰው ለማስተላለፍ ሲፈልግም አስቀድሞ ያሳውቃል። ሕጉ የጥገናው ወጪ ከባለይዞታው አቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን የሚችልበትንም ሁኔታ አመልክቷል። ስለዚህ «ለማደስ አቅም የለኝም» የሚል ባለቤት ቤቱ እስኪፈርስ ከመጠበቅ ይልቅ ችግሩን በጽሑፍ ቢያቀርብ ይመረጣል።

በተጨማሪም በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመደቡበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ይህም የአንድን ቤት ጉዳይ የሚመለከተው ፌዴራላዊው የቅርስ ባለሥልጣን ወይስ የክልሉ መሥሪያ ቤት መሆኑን ለመለየት ያስችላል። ሁሉም አሮጌ ቤት ቅርስ ተብሎ እንደማይመዘገብ ግን መገንዘብ ይገባል። የሚመዘነው በዕድሜው ብቻ ሳይሆን በታሪካዊ፣ በባህላዊ፣ በሳይንሳዊና በኪነ ጥበባዊ ፋይዳው ጭምር ነው።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 የአገሪቱን ታሪካዊ ቅርሶች መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ኃላፊነቱ በባለቤቱ ወይም በመንግሥት ላይ ብቻ የተጣለ አይደለም ማለት ነው።

መረጃ እንዴት ይሰበሰባል? ለማንስ ይቀርባል?

በገራዶ የሚኖር አንድ ተገልጋይ በግቢው ውስጥ በቅድመ አያቱ ስም የሚጠራ ነባር ቤት አለው እንበል። የሚከተሉትን ደረጃዎች ቢከተል ጉዳዩ በአግባቡ ይስተናገዳል።

1. ቤቱን ከአራቱም አቅጣጫ፣ ጣሪያውን፣ በሮቹንና መስኮቶቹን፣ የውስጥ ክፍሎቹን ፎቶግራፍ ማንሣትና ቀኑን መጻፍ።

2. በቤቱ ታሪክ ላይ የሚያውቁ አረጋውያንን ቃል መቀበል። ቃላቸውን የሰጡት ሰው ስም፣ ዕድሜና ከቤቱ ባለቤት ጋር ያላቸው ዝምድና ይመዘገባል። ከሁሉ በላይ «በዓይኔ ያየሁት» እና «ከአባቶቼ የሰማሁት» ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

3. የባለቤቱን የልደት ስም፣ የክርስትና ወይም ሌላ መጠሪያ ስም፣ የፈረስ ስም ካለም፣ ማዕረጋቸውን ከነቅደም ተከተሉ፣ የባለቤታቸውንና የልጆቻቸውን ስም መዘርዘር፤ እስከ ዛሬው ትውልድ ያለውን የዘር ሐረግም ሳይቆራረጥ ማስፈር።

4. የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ ኑዛዜ፣ የሽያጭ ውልና አሮጌ ፎቶግራፎችን ቅጂ ማዘጋጀት። ዋናዎቹ በቤተሰቡ እጅ ይቆዩ፤ ማንም ሰው ያለ ደረሰኝ ዋናውን ሊረከብ አይገባም።

5. ማመልከቻውን ከነአባሪዎቹ በቅድሚያ ለሚኖርበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማቅረብና የገቢ ቁጥር መቀበል። ጉዳዩ እንደ አስፈላጊነቱ ደሴ ወደሚገኘው የደቡብ ወሎ ዞን መምሪያ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወደሚገኘው የክልሉ ቢሮ፣ ብሔራዊ ፋይዳ ካለው ደግሞ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይመራል።

በኪራይ ቤት የሚኖር ተገልጋይም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ሆኖም ማንኛውንም ጥገና ከማከናወኑ በፊት ቤቱን ከሚያስተዳድረው አካልና ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል።

ፈቃድ እስኪገኝ ቤቱ እንዴት ይጠበቅ?

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቆረቆረች፣ ክረምቷ የሚበረታ ከተማ ናት። በድንጋይና በጭቃ፣ በእንጨትና በቆርቆሮ የተሠሩ ነባር ቤቶችን ከሁሉ በላይ የሚጎዳቸው ውኃ ነው። ስለዚህ ከክረምት በፊት የጣሪያውን ቆርቆሮና አሸንዳ ማየት፣ የዝናብ ውኃ ከግድግዳው እንዲርቅ ቦይ ማበጀት፣ በመሠረቱ ላይ የተከመረ አፈርና ቆሻሻ ማንሣት ይመከራል። ግድግዳ ሥር የበቀሉ ዛፎች ሥራቸው መሠረቱን ሊገፋ ስለሚችል በጊዜ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። የቆየ የኤሌክትሪክ መስመርም የእሳት አደጋ እንዳያስከትል መመርመር አለበት።

የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ብዙዎች እንደ ማጠናከሪያ ይቆጥሩታል። ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒ ነው። ጭቃ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ያስወጣል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ስለሚቀር ጭቃው ይፈርሳል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ነባር ግድግዳ በጭቃ ወይም በኖራ ልስን ቢጠገን ይሻላል። የተነሡ በሮች፣ መስኮቶችና የጣውላ ወለሎችም የቤቱ አካል በመሆናቸው ሊሸጡ ወይም ለማገዶ ሊውሉ አይገባም።

በግንባታ ወይም በቁፋሮ ወቅት አሮጌ ዕቃ፣ ጽሑፍ ወይም የመቃብር ምልክት ቢገኝ ሥራውን አቁሞ፣ የተገኘውን ሳይነካኩ ወዲያውኑ በአቅራቢያ ለሚገኝ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው።

ውድ ተገልጋዮቻችን፦

አንድ ቤት ሲፈርስ ድንጋዩን ማግኘት፣ እንጨቱንም መተካት ይቻል ይሆናል። «ይህ ቤት የማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት አረጋዊ ካለፉ በኋላ ግን ማንም ባለሙያ ቢመጣ ያንን ሊተካ አይችልም። ስለሆነም የይዞታ ክርክሩ መቋጫ እስኪያገኝ፣ የእድሳት በጀት እስኪመደብ ወይም ምዝገባው እስኪጠናቀቅ ሳትጠብቁ የሽማግሌዎቻችሁን ቃል ዛሬውኑ በጽሑፍ እንድታሰፍሩ፣ አንዱን ቅጂ በቤታችሁ አስቀርታችሁ ሌላውን በአቅራቢያችሁ ለሚገኝ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንድታስረክቡ እናሳስባለን።